ደም ሳትሰጪ

ረቡዕ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ዘይት ስታጠጣ፣ ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ አከራይዋ ለአንዲት ጎረቤት የምታወራው ጆሮዋ ጥልቅ አለ። አከራይዋ ስታንሾካሹክ እንኳ ድምጿ መንገድ ይሻገራል። «ያቺን የመሰለች ልጅ! ጉንጯ ሲነኩት የሚፈርጥ ይመስል አልነበር? አሁን እያት፣ አጥንቷ ሊቆጠር ነው። እህት ናት ብለን ዝም አልን እንጂ እኔስ ምግብ የምትከለክላት ይመስለኛል። የታመመ ሰው አፉን ካልዘጉት እንዲህ አይመነምንም።» ጎረቤቲቱ ከንፈሯን መጠጠች፤ ልብስ ሰፊዋ ምጥጫውን ሳይቀር ሰማችው። የዘይት ማጠጫውን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች፤ ዘይቱ መንኮራኩሩን አልፎ የሰው ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አለ። ልትከለክላት? እሷ? ከራሷ ሳህን እያነሳች የምትጨምርላት? ግድግዳውን በጡጫ ልትመታ እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። ወሩ ሊያልቅ ነው፤ ከአከራይ ጋር ደግሞ በኪራይ ሰሞን ነገር አይጀመርም።

ጉንጬ የሚለውን ስም ለታናሽ እህቷ ያወጣው ሰፈሩ ነበር። ከአራት ዓመት ገደማ በፊት ፊቷ እየከበበ፣ እየቀላ ሲመጣ፣ ሴቶቹ ጉንጯን እየቆነጠጡ «ደላሽ!» ይሏት ጀመር። ሰው ሲወፍር ደላው፣ ሲከሳ ተራበ ከማለት ሌላ ሦስተኛ ነገር መቼ ያስባል! የደላት ግን አልነበረችም። ሌሊት እንቅልፍ በዐይኗ አይዞርም፤ ሆዷ ላይ የጅራፍ ሰንበር የሚመስል ወይን ጠጅ መስመር ወጣባት፤ እግሮቿ ቀጥነው ደረጃ አቃታቸው፤ የወር አበባዋ ቀረ፤ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፣ ያለ ምክንያት ትቆጣለች። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ የተከታተለችው በቀሚስ ነው። አንዲቷን ሰማያዊ ቀሚስ ሁለት ጊዜ ጎንና ጎኗን ተርትራ አሰፋችላት፤ በሦስተኛው የሚለቀቅ ጨርቅ አልቆ ከሌላ ሰማያዊ ቀጠለችበት። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ነገሩን ደረሰበት። ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከአንጎል ሥር አተር የምታህል ዕጢ አለች፤ እሷ ላይ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ እባጭ በቅላለች። ያቺ እባጭ ቀን ከሌት ትእዛዝ ትልካለች፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ሌሎች ዕጢዎች ትእዛዙን እየተቀበሉ፣ ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ የሚያመነጨውን ሆርሞን ያለ ዕረፍት ያመርታሉ። «እህትሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም ሳያስደነግጣት ስትደነግጥ ኖራለች ማለት ነው» አላት ሐኪሙ። እባጯን በአፍንጫዋ በኩል ገብተው አወጡላት። መካኒኩ ወንድማቸው ያን ቀን ከፍርሃቱ ብዛት ቀልድ አማረውና «ሰው በአፍንጫዬ ይውጣ ሲል ነገር ለማሳመር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እውነትም ይወጣል» አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ቢሆን።

ለሰሚው ግራ የሆነው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው ነው። እባጯ ስትወጣ ትእዛዙ ቆመ፤ ያን ሁሉ ጊዜ በጩኸት ሲሠሩ የኖሩት ዕጢዎች ደግሞ ጩኸቱ ሲቀር እንቅልፋቸውን ለጠጡ። እስኪነቁ ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ ድረስ ሰውነቷ ያጣውን ሆርሞን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በኪኒን መውሰድ አለባት። ልብስ ሰፊዋ ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ ይዛ የወጣችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እህቷን ያሳበጣትና ይህ ኪኒን አንድ ዘር ናቸው። በበር ያስወጡትን ሌባ በመስኮት መልሶ ማስገባት መሰላት። ስለዚህ ኪኒኑን በእጇ እየሰጠች በልቧ ትጠላው ነበር። በየማለዳው የእህቷን ጉንጭ በዐይኗ ትለካለች፤ ትንሽ ሞላ ያለ ከመሰላት ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰች ስታያት ትውላለች። ያን ሰማያዊ ቀሚስ መልሳ ማጥበብ ከጀመረች ወዲህ ነው ትንሽ መተንፈስ የጀመረችው። የአሮጌው ስፌት ቀዳዳ ጨርቁ ላይ ተርታውን ይታያል፤ መጀመሪያ ተሰፍታ ወደነበረበት መስመር ሁለት ጣት ቀርቷታል።

ሰኞ ዕለት ለክትትል ሄደው ነበር። ወጣቱ ሐኪም አፉን በጭንብል እንደሸፈነ፣ በአንድ እጁ የሚቀጥለውን በሽተኛ ካርድ እንደያዘ፣ የደም ምርመራ አዘዘና በሩን እየከፈተላቸው ጉንጬን አንድ ነገር አላት። ኮሪደሩ ላይ ወረፋው ይንጫጫል፣ የሆነ ሕፃን ያለቅሳል። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ጉንጬ «እቴቴ፣ ምን አለኝ?» አለቻት።

«ደም ሳትሰጪ እንዳትውጪ ነው ያለሽ። ኪኒኑን።»

«ኪኒኑን? አንድም ቀን እንዳታቋርጪ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ያ ያኔ ነው። እኔ ዛሬ ያለሽን ነው የምነግርሽ።»

ተመልሳ መጠየቅ ትችል ነበር፤ በሩ ገና ክፍት ነበር። አልተመለሰችም። ላብራቶሪ ሲደርሱ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሐሙስ ጠዋት ኑ ተባሉ። ሌላው በሽተኛ ሁሉ አጉረመረመ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ደስ አላት፣ ደስ ማለቷንም ለማንም አልተናገረችም። እስከ ሐሙስ ከዚያ ኪኒን ዕረፍት! ቤት እንደገቡ የኪኒኑን ብልቃጥ ከእህቷ ትራስ ሥር አንስታ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተተችው። ማክሰኞ ጉንጬ ትኩሳት ቢጤ ጀመራት፤ ልብስ ሰፊዋም ጉንፋን ነው ብላ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ደረበችላት።

እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት ያን ሐሜት በሰማች ጊዜ እልህ ያዛት። ሾርባ ጣደች፤ ሽታው ግድግዳውን ተሻግሮ ለሐሜተኛዋ አከራይ እንዲደርስ ነጭ ሽንኩርቱን አበዛችው፣ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሳህኑን ይዛ የእህቷን አልጋ የሚከልለውን መጋረጃ ስትገልጥ ጉንጬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እስከ ትናንት ድካም ነበር፤ የዛሬው ሌላ ነው። ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ ግንባሯ ላይ ያለው ላብ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ቀና አድርጋ ልታስቀምጣት ስትሞክር ልጅቱ ምድር ዞረባትና አንገቷ እህቷ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሁለት ማንኪያ ሾርባ ቀመሰች፤ ሦስተኛው ሳይደርስ ሁሉንም መለሰችው። ሆዷን ይዛ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «አይዞሽ፣ ነገ ሐሙስ ነው» አለቻት ልብስ ሰፊዋ አንሶላውን እየቀየረች። «ነገ ደም ትሰጪና ያልፋል።» ጉንጬ «እሺ እቴቴ» አለች። ይህች እሺ ነበረች ልብስ ሰፊዋን ያስፈራቻት። ከቀዶ ጥገናው በፊት እኮ ይህች ልጅ በጨው ማነስ እንኳ ቤት ታናውጥ ነበር። አሁን የምትቆጣበት አቅም ከየት ይምጣ? ተኚ ሲሏት እሺ፣ ተነሺ ሲሏት እሺ።

እኩለ ቀን ላይ ወንድማቸው ከጋራዥ መጣ፣ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ነው። ሁልጊዜም እንደሚያደርገው በር ላይ ያለው ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ የተቆረጠ ጨርቅ ያበላሽብኛል ተብሎ ከዚያ አልፎ እንዲገባ አይፈቀድለትም። መጋረጃውን በዐይኑ እያየ ሻዩን ጠጣ። ሁለቱ ከእናታቸው ሞት ወዲህ ስለሚያሳስባቸው ነገር ማውራት አይሆንላቸውም፤ ስለ ስፌት መኪናው ቀበቶ አወሩ፣ ስለ ዘይቱ ውድነት አወሩ፣ ከዚያ ወሬው አለቀ። ከመጋረጃው ወዲያ የጉንጬ ትንፋሽ ይሰማል፤ አጭር አጭር ነው። «ዛሬውኑ ብንወስዳትስ?» አለ ወንድምየው ብርጭቆው ውስጥ እያየ። «ቀጠሯችን ነገ ነው» አለችው። እሱ ደግሞ በታላቅ እህቱ ላይ ቃል የሚደግም ሰው አይደለም። ሲሄድ መጋረጃውን በአንድ ንጹሕ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየና ወጣ። እሷ ብቻዋን ስትቀር ቆርቆሮውን አንስታ ነቀነቀችው። ብልቃጡ ከቁልፎቹ መሐል ተንኳኳ። አንዲት ኪኒን ብትሰጣትስ? ግን ደሙ ቢበላሽስ? ሐኪሙ እንዳትውጪ ብሏል፤ በጆሮዋ ሰምታለች። መልሳ አስቀመጠችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።

ከሰዓት በኋላ ያችኑ ሰማያዊ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጎንና ጎኗን በስፒል ትይዝ ጀመር። አራት ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ አንድ አንዱን እየመዘዘች ጨርቁ ላይ ስትሰካ፣ ባንክ የምትሠራ ደንበኛዋ የደንብ ልብሷን ልትወስድ እያለከለከች ገባች። አለቃዬን አስፈቅጄ ነው የመጣሁት፣ ታክሲ አይገኝም፣ ይሄን ያህል ለአንድ ጉርድ ትጠይቂኛለሽ ወይ፣ ሌላ ቦታ በግማሹ ይሰፉታል፤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናግራ ጉርዱን ከመስቀያው አወረደችና አጣጥፋ ወደ በሩ ዞረች። ልብስ ሰፊዋ ሳይለካ የሄደ ልብስ ተመልሶ እንደሚመጣ ስለምታውቅ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች ጮኸች።

«ሳትለኪው እንዳትወጪ!»

ደንበኛዋ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። «ኧረ ምኑን ነው የምውጠው? እትዬ ደግሞ! ስፒሉን አፍሽ ውስጥ ያጨቅሽው አንቺ፣ አትውጪ የምባለው እኔ?»

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፋቻቸው። «እንዳትወጪ ነው ያልኩሽ» ልትል አፏን ከፈተችና ቃሉ እዚያው ደረቀ። እንዳትወጪ። እንዳትውጪ። የሰኞው በር ዐይኗ ላይ መጣ። ጭንብሉ፣ ጫጫታው፣ የሐኪሙ እጅ። ያን ሲናገር እጁ ወዴት ነበር የጠቆመው? ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ ላብራቶሪው። ደም ሳትሰጪ እንዳትወጪ። ደም ሳትሰጪ ከዚህ ግቢ ወጥተሽ እንዳትሄጂ። ሐኪሙ ስለ ኪኒን መች አነሳ? ኪኒኑን ያመጣችው እሷ ናት፣ ደረጃው ላይ፣ በገዛ አፏ። ጆሮዋ ከሁለቱ የወደደውን መረጠ፤ ልጅቱም ተጠራጥራ ስትጠይቃት አፏን አዘጋቻት። ስፒሎቹ መዳፏን እንደወጓት የታወቃት ደንበኛዋ «እትዬ፣ ደምሽ!» ስትል ነው።

ቆርቆሮውን ስትከፍት ከእጇ አምልጦ ቁልፉ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ተንከባሎ የገባውን ብልቃጥ ከአልጋው ሥር በእንብርክኳ ሄዳ አወጣችውና መጋረጃውን ገለጠች። «ጉንጬ! ጉንጬ፣ ዋጪ፣ ዋጪልኝ!» ልጅቱ ዐይኗን ከፈተች፤ ዐይኗ ግን እህቷ ላይ አላረፈም። ኪኒኑን አፏ ውስጥ አድርጋ ውኃ አስከተለችበት፤ ውኃው በከንፈሯ ጥግ ተመልሶ ፈሰሰ፣ ኪኒኑም ትራሱ ላይ ወደቀ። ወንድሟ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም፤ መኪና ሥር ገብቶ ይሆናል። ያኔ ግድግዳውን በጡጫዋ መታችው፤ ጠዋት የመለሰችውን ጡጫ አሁን አወጣችው፣ ለጠብ ግን አልነበረም። «እትዬ! እትዬ ድረሱልኝ! እህቴ ልትሞትብኝ ነው!»

አከራይዋ ሐሜቷ እንዳለ ሆኖ ጉልበቷ የሁለት ሰው ነው። ነጠላ ጫማዋን አንዱን ጥላ ሮጣ መጣችና ጉንጬን እንደ ሕፃን አቀፈቻት፤ ደንበኛዋ አዲሱን ጉርድ በትከሻዋ ጥላ መንገድ ላይ ወጥታ ታክሲ አስቆመች። ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይደልቃል፤ ላቡ በጀርባዋ ይወርዳል። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ የሚያመነጨው ያለው ሐኪሙ ይሄንን ነው። እሷ ጋ ተርፎ ይፈሳል፤ እዚህ ጭኗ ላይ ያለችው ደግሞ ለመደንገጫ የሚሆን ጠብታ የላትም። በእጅ የሚቀዳ ነገር ቢሆን ምናለ! ታክሲው መብራት ላይ በቆመ ቁጥር በእህቷ አፍንጫ ሥር ጣቷን አድርጋ ትንፋሿን ትፈልጋለች። አከራይዋ ከፊት ወንበር ዞራ ታያቸውና ዐይኗን መልሳ ትሰብራለች። «ይቅር በይኝ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ ጠዋት ክፉ ነገር ተናግሬብሻለሁ። ምግብ ትከለክላታለች ብዬ አምቼሻለሁ። ከዚያ ሾርባሽ ሸተተኝና አፈርኩ።» ልብስ ሰፊዋ ከዚያች ሐሜት የከፋውን እውነት ራሷ ይዛ ተቀምጣ ምን ብላ ይቅር ትበላት?

የድንገተኛ ክፍሉ ነርስ የደም ግፊት መለኪያውን የጉንጬ ክንድ ላይ ጠቅልላ አየችና አላመነችም፤ አውልቃ በሌላኛው ክንድ ሞከረችው። ከዚያ ተረኛዋን ሐኪም ጮክ ብላ ጠራች። ሰው በዛ፣ መጋረጃ ተሳበ። ሐኪሟ የልጅቱን የዐይን ሽፋን እየገለጠች ጥያቄውን ታዘንበው ጀመር፤ መቼ ጀመራት፣ ምን በላች፣ ስኳር አለባት ወይ፣ የምትወስደው መድኃኒት አለ? ልብስ ሰፊዋ ስለ ትኩሳቱ ተናገረች፣ ስለ ማስታወኩ ተናገረች፣ በአፍንጫዋ በኩል ስለ ወጣችው እባጭ ተናገረች። እዚያ ላይ አቆመች። ሐኪሟ ቀና አለች።

«ከቀዶ ጥገናው በኋላ የታዘዘላት ኪኒን አለ አይደል? እየወሰደች ነው?»

ትወስዳለች ብትል ማን ያውቃል? ጉንፋኑ ነው የጣላት ይላሉ። ወንድሟ አይሰማም፤ ሰፈሩ አይሰማም። አከራይዋ ዝምታውን የድንጋጤ መስሏት እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። «ዶክተር፣ እሷን እንኳ እኔ እመሰክርላታለሁ» አለች። «ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ይህቺ ልጅ እህቷን እንደ ዐይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃት። የከለከለቻት፣ ያጓደለችባት አንድ ነገር የለም!»

ጠዋት ቢሆን ይህን ምስክርነት ለመስማት ምን አትሰጥም ነበር! ልብስ ሰፊዋ የጉንጬን እግር አየች፤ ከአንሶላው ሥር ወጥቶ፣ ነጭ ሆኖ፣ ምንም አይንቀሳቀስም።

«ከልክያታለሁ» አለች። «ኪኒኑን ከሰኞ ከሰዓት ጀምሮ እኔ ነኝ የከለከልኳት። ዶክተሩ እንዳትወጪ ሲላት እንዳትውጪ ብዬ ሰምቼ... እሷ ጠይቃኝ ነበር። እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ቁጣ እንኳ አላባከነችባትም። ወደ ነርሷ ዞራ የመድኃኒት ስም ጠራች፣ አሁኑኑ፣ በደም ሥሯ፤ ግሉኮስም፣ ጨው ያለው ፈሳሽም ጨምሩ። «አስታማሚ ትውጣ!» አለ አንዱ። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ትከሻዋ ቀልሏት ዞር ብላ አየች። አከራይዋ እጇን ከትከሻዋ ላይ አንስታለች። አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ባዶ እግሯን ታይ ነበር። ወንድማቸው ያላነሳውን ጥሪ አይቶ መልሶ ደውሎ ኖሮ፣ ከነግሪሱ እየሮጠ ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ከእናታቸው ሞት ወዲህ ይህን ያህል ሳይቋረጡ ተነጋግረው አያውቁም፤ አሁንም የተናገረችው እሷ ብቻ ናት። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ቁጭ አለ። መጋረጃው በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም አንድ ላይ ቀና ይላሉ፤ የሚወጣው ሰው የእነሱን አልጋ ሳያነሳ ያልፋል።

ሊመሽ ሲል ነርሷ ጠራቻት። ጉንጬ ትራስ ተደግፋለች። ፊቷ የከሳ ነው፣ ከንፈሯ ግን የሰው ከንፈር መስሏል፤ ዐይኗም እህቷን ፈልጎ አገኛት። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ይሞቃል። ነርሷ የትኩሳት ማብረጃ ኪኒንና ውኃ ይዛ መጣችና መዳፏን ዘረጋች። «በይ፣ ይቺን ውሰጂ።»

ጉንጬ ከንፈሯን ገጠመች። ጭንቅላቷን ቀስ ብላ ከነርሷ ወደ እህቷ መለሰች፤ ድምጿ ገና ከሩቅ የሚመጣ ነበር።

«እቴቴ፣ ደም ሰጥቻለሁ?»

ነርሷ አልገባትም፤ አንዴ በሽተኛዋን አንዴ አስታማሚዋን አየች። ልብስ ሰፊዋ ወደ እህቷ ጆሮ ተጠጋች። አፏ ውስጥ ስፒል የለም፣ ፊቷ ላይ ጭንብል የለም፤ ያም ሆኖ ቃሉን ለሁለት ከፍላ፣ እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ አወጣቻት።

«ዋ፣ ጪ።»

«እሺ እቴቴ» አለች ጉንጬ፤ አፏንም ከፈተች።